እህትህ ከመሄዷ በፊት የቀበሌ ደብዳቤ አውጡላት

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያላችሁ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እህትህ ከወረኢሉ ገጠር ለዩኒቨርሲቲ «ደሴ» ተመድባለች። አባታችሁ በሕይወት የሉም። አንተ አዲስ አበባ የቀን ሥራ እየሠራህ ነው የምታግዛት። አንድ ዓይኗም ደካማ ነው። «ግቢ ውስጥ ምን ድጋፍ ታገኛለች? ካፌ ይሻላታል ነን ካፌ?» ነው ያልከው። አብሽር፤ የማውቀውን ልንገርህ።

እኔ ራሴ ወሎ ውስጥ ነው የተማርኩት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ወልዲያ አለ፣ መቅደላ አምባ አለ። የቱ እንደነበርኩ ግን አልናገርም፤ ቅሬታም ስላለኝ የማንንም ስም ማንሳት አልፈልግም። የተመረቅኩት በ2011 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር ሊኖር ይችላል፤ የቢሮው ጠባይ ግን ያው እንደሆነ አሁን እዚያ ያሉት የአክስቴ ልጆች ይነግሩኛል።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልበልህ። ድጋፍ አለ። ብዙ ነው። ግን ማንም ዶርም ድረስ መጥቶ «ምን ቸገረሽ?» አይላትም። ድጋፉ የሚሄደው በወረቀት ነው። ወረቀት የያዘ ይስተናገዳል፤ ያልያዘ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ሴሚስተሩ ያልቃል።

ስለዚህ ገና እቤት ሳለች ሁለት ወረቀት ያዙላት። አንደኛው ከቀበሌ ነው። አባቷ እንደሞቱና ቤተሰቡ አቅም እንደሌለው የሚገልጽ፣ ማህተም ያለበት ደብዳቤ። ሁለተኛው ከሐኪም ነው። ዓይኗን ደሴ ሆስፒታል ትታይና የጽሑፍ ማስረጃ ትያዝ። ሁለቱንም አምስት አምስት ኮፒ አድርጉ። ኦርጅናሉን ለማንም አትስጥ፤ አሳይታ ትመልሰው። ከስምንተኛና ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ፣ ከጉርድ ፎቶ፣ ከአንሶላና ብርድ ልብስ ጋር አብሮ ይታሰር። እኔ የቀበሌ ደብዳቤ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅኩት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ደብዳቤውን ለማውጣት ብቻ አገር ቤት ሄጄ አራት ቀን ክላስ አመለጠኝ።

ስለ ዓይኗ አትፈሩ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ፣ ቁጥር 1152/2011፣ አካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች አጋዥ ትምህርትና የፈተና ሰዓት ማራዘሚያን ጨምሮ ተቋማቱ እንዲደግፉ ያዛል። ይሄ ልመና አይደለም። ቢሮው አንዱ ግቢ «ልዩ ፍላጎት» ይባላል፣ ሌላው ግቢ ሌላ ስም አለው። የተማሪዎች ዲን ቢሮ ሄዳ ትጠይቅ፤ እነሱ ይጠቁሟታል። ፈተና ሲደርስ ግን አይሆንም። በተመዘገበችበት ሳምንት ትሂድ። ዶርም ሲደለደልም ምድር ቤት ይሰጠኝ ማለት ትችላለች። ማታ መብራት ሲጠፋ ደረጃ ለደካማ ዓይን ፈተና ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ላውጋህ። ረጅም ነው፤ ግን የምልህ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ።

አንደኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ሌሊት ትኩሳት ያዘኝ። የዶርሜ ልጆች በጋቢ ጠቅልለው ወደ ግቢው ክሊኒክ ወሰዱኝ። አንዲት ተረኛ ነርስ ብቻ ነበረች። ማስታገሻ ሰጠችኝና ሸኘችኝ። ጠዋት አልተሻለኝም። ጓደኛዬ ከተማ የግል ክሊኒክ ወሰደችኝ፤ ታይፎይድ ተባለ። አምስት ቀን ተኛሁ። በዚያው መሃል አንድ ሚድ ፈተና አመለጠኝ።

ድኜ የግሉን ክሊኒክ ወረቀት ይዤ መምህሩ ጋ ሄድኩ። «ዲፓርትመንት ይፍቀድልሽ» አለኝ። ዲፓርትመንት «የግቢው ክሊኒክ ያረጋግጥ» አለ። የግቢው ክሊኒክ ደግሞ መዝገቡን ገልጦ «አንቺ እኛ ጋ አልመጣሽም» አለኝ። ወላሂ ነው የምልህ! (ክርስቲያን ነኝ፤ ወሎ ካደግህ ግን ወላሂ ሳትል አትውልም።) ለካ ያቺ ነርስ መድኃኒቱን ስትሰጠኝ ስሜን አልጻፈችውም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተመላለስኩ። አንዱ ቢሮ ስደርስ ሻይ ሰዓት ነው፣ ሌላው ስደርስ ስብሰባ ነው።

ያወጣችኝ ፕሮክተራችን ናት። የሴቶች ዶርም ጠባቂ፣ ቆጣ ቆጣ የምትል፣ ሁላችንም የምንፈራት ሴትዮ። እያለቀስኩ አየችኝና ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ምንም ሳትመልስ ገብታ የሌሊት መውጫ ደብተሯን ይዛ መጣች። ስሜ፣ የዶርም ቁጥሬ፣ የወጣሁበት ሰዓት፣ «ታማ ወደ ክሊኒክ» ተብሎ በእጅ ጽሑፏ ሰፍሯል። ያንን ደብተር ታቅፋ አብራኝ ዲን ቢሮ ገባች። ሜክአፕ ፈተናውን ተፈተንኩ። ቢ አገኘሁ።

ስለዚህ እህትህ ግቢ ስትደርስ መጀመሪያ የምትተዋወቀው ፕሮክተሯን ይሁን። ሰላምታ አትንፈጋት። ክሊኒክ ስትሄድ ደግሞ ራስ ምታት ብቻ ቢሆን እንኳ ካርድ ይውጣላት፣ ስሟ መዝገብ ላይ ይስፈር። ከአቅም በላይ ከሆነ ሪፈር የሚጽፉላት እነሱ ናቸው። ሪፈር ይዞ የሄደና በራሱ የሄደ አንድ አይደለም፤ በወጪም በማስረጃም ይለያያል።

ወደ ምግቡ ልመለስ። ካፌ ትግባ። ነን ካፌ ማለት ግቢው የምግቡን ብር ይሰጥሃል፣ አንተ ውጭ ትበላለህ ማለት ነው። ብሩ ግን በሰዓቱ የማይደርስበት ወር አለ። ሲደርስ ደግሞ እጅ ላይ አይቆይም። እኔ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያው ሳምንት ጥብስ፣ መጨረሻው ሳምንት ቆሎ። በ2017 ዓ.ም የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል፤ በእኛ ጊዜ ከ22ም ያንስ ነበር። ካፌው ቅንጦት የለውም። ዳቦ በሻይ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ሰልፍ። ግን ቀን ቆጥሮ አያልቅም። ሚል ካርዷን፣ ማለትም የምግብ መታወቂያዋን፣ ብቻ እንዳትጥል።

አንድ ነገር ግን ትወቅ፤ ይሄ ምግብ ነጻ አይደለም። በየዓመቱ የወጪ መጋራት ውል ትፈርማለች። የምግቡና የመኝታው ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ በስሟ ይመዘገባል። ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ኦርጅናል ዲግሪዋም እስክትከፍል ይቆያል። የፈረመችውን ኮፒ ታስቀምጥ።

ለችግረኛ ሴት ተማሪዎች የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አለ። የቀበሌው ደብዳቤ ዋና ሥራው እዚህ ነው። እኔ በነበርኩበት ሞዴስ፣ ደብተር፣ አንዳንዴም ትንሽ የኪስ ብር ይሰጥ ነበር። ለሴቶች ቱቶሪያልም ያዘጋጃሉ። መምህርም ሆነ ተማሪ ቢያስቸግራት የምትሄደው እዚሁ ነው፤ ዝም እንዳትል ከአሁኑ ንገራት። በተረፈ የተማሪዎቹ የራሳቸው የበጎ አድራጎት ክበብ አለ። ሳንቲም እያዋጡ ለሌላቸው ሃንድአውት ኮፒ ያደርጋሉ፣ ለክረምት የትራንስፖርት ይሸፍናሉ። ከቢሮው ይልቅ እነሱ ይፈጥናሉ። መቀበል ካፈረች ራሷም አባል ትሁን። እኔ እንደዛ አደረግኩ፤ አሥር ብር እያዋጣሁ የሁለት መቶ ብር ኮፒ በነጻ ወሰድኩ።

የምክር አገልግሎቱን ሳላነሳ አላልፍም። ካውንስሊንግ ይባላል። የኛ ሰው ሲሰማ «ላበደ ነው» ይላል። ከዶርማችን አንዷ ሁለተኛ ዓመት ላይ መብላት ተወች። ቀኑን ሙሉ ተሸፋፍና መተኛት ሆነ። አንዷ ቡዳ ነው አለች፣ አንዷ ጸበል እንውሰዳት አለች፣ አንዷ ቡና አፍልታ ዱዓ አስደረገችላት። አንዱንም አልነቅፍም፤ ዱዓው ቀን ሳቅ ብላ ነበር። ግን አልቆየም። የምክር ቢሮው ደግሞ ዲን ቢሮ አጠገብ ስለሆነ የሚገባውን ሁሉም ያያል። እሷም ለዚህ ነው እምቢ ያለችው። በመጨረሻ ሁለታችን «ለእኛ ጉዳይ ነው፣ አንቺ አጃቢን» ብለን ወሰድናት። አማካሪው የሳይኮሎጂ መምህር ነበር። ስሟን ከመጠየቁ በፊት በሩን ዘጋ። ያቺን ትንሽ ነገር እስከ ዛሬ ታነሳታለች።

ከአራት ቀጠሮ በኋላ ሴሚስተሩን በዊዝድሮዋል፣ ማለትም ቅጽ ሞልታ በሕጋዊ መንገድ፣ እንድታቋርጥ መከራት። ክሊኒኩ ጻፈላት፣ ዲፓርትመንቱ ፈረመ፣ ሬጅስትራር (የተማሪ መዝገብ ቢሮው) ተቀበለ፣ ክሊራንስ (የግቢውን ንብረት የመለሰችበት ማረጋገጫ) ጨርሳ አገሯ ገባች። በዓመቱ ተመልሳ ተመረቀች። በዚያው ሴሚስተር ከሴክሽናችን አንድ ልጅ ጨነቀው መሰለኝ ሻንጣውን ይዞ ጠፋ። ለማንም አልነገረም። ውጤቱ ኤፍ እየሆነ ተመዘገበ። ሲመለስ በሩ ተዘግቶ ጠበቀው። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ቀለሜ የምንለው። ልዩነታቸው አንድ ቅጽ ነው። እህትህ አንድ ቀን ደውላ «በቃኝ፣ ልመጣ ነው» ብትልህ አትቆጣት፣ «ነይ» ብለህም አትቸኩል። «መጀመሪያ ሬጅስትራር ሂጂ» በላት።

የጥናቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ላይብረሪ ማታም ይከፈታል፤ ለፈተና ሰሞን ቦታ ለመያዝ ቀድሞ መግባት ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ ሃንድአውቶቿን ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አትጣል።

ብቸኝነቱ ላይ ግን ብዙ አትጨነቅ። ኦርቶዶክስ ከሆነች ግቢ ጉባኤ አለ፣ ሙስሊም ከሆነች ጀመዓው አለ፣ ጴንጤ ከሆነችም ፌሎሺፕ አለ። አዲስ ገቢ የሚቀበሉት፣ ሻንጣ የሚሸከሙት፣ የታመመ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። በእኛ ዶርም ረመዳን ሲገባ እኛም ሰዓት እንቆጥር ነበር፤ ሲያፈጥሩ ቴምሩ ለሁላችንም ነበርና።

የመጨረሻው ጥያቄ ከእኔ ወደ አንተ ነው። «ደሴ» ስትል እርግጠኛ ነህ? ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከተባለች ደሴም ኮምቦልቻም ሊሆን ይችላል። ኢንጂነሪንግና ቴክኖሎጂው ኮምቦልቻ ነው። የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርደህ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣ ብርዷን ትለቃለች፤ የወረኢሉ ልጅ ብርድ አዲስ አይሆንባትም። ኮምቦልቻ ግን ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ጥሪውን በደንብ አንብበህ እዚሁ ጻፍልኝ። ኮምቦልቻ ከሆነች ያንን ከባዱን ጋቢ ለእናታችሁ ተዉላቸው።