ኪ-67 35 በመቶ ማለት በሕይወት የመቆየት ዕድል 35 በመቶ ማለት አይደለም

ሰላም እህቴ። የእናትሽን የባዮፕሲ (ከእጢው ተቆርጦ የተወሰደ ናሙና) ውጤት አነበብኩት፦ የጡት ካንሰር፣ ኢስትሮጅን ተቀባይ (ኢስትሮጅን ሆርሞንን የሚይዝ ፕሮቲን) ፖዘቲቭ፣ ሄር-2 «2 ፕላስ»፣ ኪ-67 35 በመቶ። «የመዳን ዕድላቸው 35 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም፣ በፍጹም። ሌላ ሌሊት በዚህ ጭንቀት እንዳታነጊ ብዬ ይህን አስቀደምኩ።

ኪ-67 ሴል ለመባዛት ሲነሳ የሚታይ ፕሮቲን ነው፤ ባረፈ ሴል ውስጥ አይገኝም። ቁጥሩ የሚለው ከተቆጠሩት መቶ የካንሰር ሴሎች ሠላሳ አምስቱ በመባዛት ላይ ነበሩ ነው። ለዓመታት በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ፤ ስላይድ አዘጋጅቻለሁ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ቆጥሬአለሁም። አንዱን ስላይድ ሁለት ባለሙያ ቢቆጥረው አንዱ 14፣ ሌላው 20 ሊል ይችላል፤ ሴሎቹ የሚባዙት በእጢው ሁሉ እኩል ስላልሆነ የት ቦታ እንደተቆጠረ ለውጥ ያመጣል። ለዚህ ነው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን በ2021 ከ5 በመቶ ያልበለጠውን እና 30 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን ብቻ ለውሳኔ የሚያስተማምን ያለው፣ መሐል ያለው ብዙም አይታመንም። የእናትሽ ቁጥር ከፍ ካለው ወገን ነው፤ አልሸፋፍንልሽም፣ እጢው በፍጥነት የሚያድግ ዓይነት ነው። ነገር ግን ኬሞ በይበልጥ የሚያጠቃው በፍጥነት የሚባዛ ሴልን ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው እጢ ብዙ ጊዜ ለኬሞ የተሻለ ምላሽ ይሰጣል።

አሁን ወደ ሄር-2 እንምጣ፤ ሴሉ እንዲባዛ የሚገፋ ፕሮቲን ነው፣ የሚሠራውም በዚሁ ስም በሚጠራ ጂን ነው፤ ከውጤቱ ሁሉ ዛሬ ልትከታተዪው የሚገባሽ እሱ ነው። «2 ፕላስ» ገና ያልተቆረጠ ውጤት ነው። ፊሽ በሚባለው ምርመራ የሄር-2 ጂን ከመጠን በላይ ተባዝቶ እንደሆነ ተቆጥሮ መረጋገጥ አለበት። በ1987 ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ ይህ ጂን የበዛባቸው ሴቶች ካንሰሩ ቶሎ እንደሚመለስባቸውና ዕድሜያቸውም እንደሚያጥር አሳዩ። ያኔ ሄር-2 ፖዘቲቭ መባል ክፉ ዜና ነበር። ፕሮቲኑ ግን ተቀምጦ የሚገኘው በሴሉ ገጽ ላይ ስለሆነ ፀረ እንግዳ አካል ሊይዘው ቻለ፤ እንዲህ ያለው መድኃኒት፣ ትራስቱዙማብ፣ በ1998 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፣ የብዙ ታማሚዎችም ዕጣ ተለወጠ። በላቦራቶሪው ሥራዬ እንደዚህ ልቤን የነካው ታሪክ የለም፦ መጥፎ ምልክት የነበረው ፕሮቲን መድኃኒቱ የሚገባበት በር ሆነ። ፊሽ ኔጋቲቭ ቢመጣም «ሄር-2 ዝቅተኛ» የሚባል ምድብ አለ፤ ከ2022 ወዲህ ለተሰራጨ ካንሰር የሚረዳ መድኃኒት ተገኝቶለታል።

ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ፕሮቲን ለሐኪሙ ሁለት ጥያቄ አቅርቢ። በሽታው ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል? የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራስ ይናገራል? እኔ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ። ኢስትሮጅን ተቀባይ ሁለቱንም ይመልሳል፤ ፖዘቲቭ መሆኑ የሆርሞን ሕክምና እንደሚጠቅም ያሳያል። ክኒኑ ቢያንስ ለ5 ዓመት ይወሰዳል፤ ይህ ዓይነት ካንሰር ዘግይቶም ሊመለስ ስለሚችል «ደህና ነኝ» ብለው እንዳያቋርጡት አደራ።

ሲኤ 15-3 የሚባለውን የደም ምርመራ እናሠራ ወይ ላልሽው፣ ገና ባልተሰራጨ ካንሰር ብዙ ጊዜ ጤነኛ ቁጥር ያሳያል፣ በጉበት በሽታም ሊጨምር ይችላል። ለእናትሽ ሕክምና ምርጫ የሚጨምረው ነገር የለም።

ኢንተርኔት ላይ የምታዪው በሕይወት የመቆያ ጊዜ ሠንጠረዥ ደግሞ የቀድሞ ታማሚዎች ታሪክ ነው። ለምሳሌ ከሌላ ካንሰር፣ በ2005 የወጣውን የማይሎማ (የመቅኒ ካንሰር) ምደባ ተመልከቺ፦ ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን የተባለው የደም ፕሮቲን በሊትር 5.5 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነባቸው ሰዎች መካከለኛ የመቆያ ጊዜ 29 ወር ነበር። መካከለኛ ማለት ግማሾቹ ከዚያ በላይ ኖረዋል ማለት ነው፤ ያውም የዛሬዎቹ መድኃኒቶች ከመስፋፋታቸው በፊት የታከሙ ነበሩ። ፕሮቲኑ ስለ ብዙ ሰዎች ይናገራል እንጂ የአንዲትን እናት ቀን አይቆጥርም።

ያላየሁት ነገር የእጢው መጠንና በብብት ስንት ንፍፊት እንደተነካ ነው። እነዚህ ከኪ-67 ያላነሰ ክብደት አላቸው፤ በወረቀቱ ላይ ከሌሉ ጠይቂ። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን (እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፈሳሽ) ውስጥ ገብቶ ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየቱንም ጠይቂ፤ ከዘገየ ፕሮቲኑ ተበላሽቶ በሐሰት ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ናሙናው በሰም ውስጥ ተቀብሮ (የሰም ብሎክ ይባላል) ተጠብቆ ስለሚቀመጥ፣ ጥርጣሬ ካለ እናትሽን እንደገና ሳይወጉ ከዚያው መድገም ይቻላል። የፊሽ ውጤት ሲደርስሽ እዚሁ ጻፊ፣ አብረን እናነበዋለን።