ግቢ ስትገቡ፦ ስለ ግቢ ጉባኤ ለጠየቃችሁን

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ሰሞን ወደዚህ ዓምድ የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከተማሪዎችና ከእናቶቻቸው ናቸው። ግቢ ጉባኤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጆች የሆኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድነት የሚማሩበትና የሚያገለግሉበት ጉባኤ ነው። ከጥያቄዎቹ መካከል አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የተመደብኩበት ዩኒቨርሲቲ ከቤተሰቤ የሁለት ቀን መንገድ ይርቃል። ሀገሬ እያለሁ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምርት ነበርኩ። እዚያ የማውቀው ሰው የለም። ግቢ ጉባኤውን የት ነው የማገኘው? የሚቀርበኝ ሁሉ እውነተኛ መሆኑንስ በምን ዐውቃለሁ? (አዲስ ገቢ ተማሪ)

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ስሙ ግቢ ጉባኤ ቢሆንም ከግቢው አጥር ውስጥ አትፈልጊው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ተማሪው የሚሰበሰበው ለግቢው በሚቀርበው አጥቢያ አዳራሽ ነው። በደረስሽበት ሳምንት እሑድ ማለዳ ነጠላ ለብሰው ከዋናው በር የሚወጡትን ተከተይ። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ገብተሽ «የተማሪዎቹ ጉባኤ መቼ ነው?» ብለሽ ብትጠይቂ ቀኑንና ሰዓቱን ይነግሩሻል። በብዙ ቦታ ደግሞ ነባር ተማሪዎች በምዝገባ ሳምንት መናኸሪያና በር ላይ ቆመው ሻንጣ ሲያግዙ ታገኛለሽ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች እንዳያመልጡሽ። አዲስ ገቢዎች በባች ተከፋፍለው ኮርስ የሚጀምሩት በዚያ ሰሞን ነው። ከዚያ ከዘገየሽ የጓደኛ ክበቡ ተሠርቶ ያልቃል፣ የመጀመሪያው ቴስት ይመጣል፣ «ከሚድ በኋላ እሄዳለሁ» ይባላል፤ ያ «በኋላ» ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው የሚደርሰው።

እውነተኛውን ለመለየት የት እንደሚሰበሰብና ማን እንደሚያውቀው ጠይቂ። የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በደብሩ አዳራሽ፣ የአጥቢያው ካህናት እያወቁት ይካሄዳል። ሲመዘግቡሽ ስምሽን፣ የክርስትና ስምሽን፣ ዲፓርትመንትሽን፣ የዶርም ብሎክሽንና ስልክሽን ይጠይቁሻል። በኪራይ ቤት በምሽት የሚጠራሽ፣ «ለማንም አትንገሪ» የሚልሽ፣ የወደፊት ዕጣሽን አየሁ የሚል «ባሕታዊ» ጋ የሚወስድሽ ወይም ገና በመጀመሪያው ሳምንት ገንዘብ የሚጠይቅሽ ካጋጠመሽ አትሂጂ። የሆነውንም ለአጥቢያው ካህን ተናገሪ፤ ከአንቺ በኋላ የሚመጡ እኅቶች አሉና።

አብዛኞቹን ግቢ ጉባኤያት የሚያስተባብረው ማኅበረ ቅዱሳን የተመሠረተው በ1984 ዓ.ም ነው። መነሻው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ የተላኩ ተማሪዎች በአንድነት መጸለያቸው ነበር። እነሱም እንዳንቺ ከቤት የራቁ ልጆች ነበሩ።

ከቤት ስትወጪ መሸኛ ደብዳቤ ከሰንበት ትምህርት ቤትሽ ያዢ። ነጠላ ሁለት ይሁን፤ ውኃ በሚጠፋበት ዶርም አንዱ ሳይታጠብ እሑድ ይደርሳል። ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ የምትይዢ ከሆነ በላዩ ላይ በትልቁ «ጠበል» ብለሽ ጻፊበት፤ ካልጻፍሽበት የዶርም ጓደኛሽ ተራ ውኃ መስሏት ፊቷን ትታጠብበታለች። ከሁሉ በፊት ግን የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ወይ እሳቸው ጋ ትቆያለሽ፣ ወይ በእሳቸው ፈቃድ እዚያ ሌላ አባት ትይዣለሽ። ሁለት የንስሐ አባት አይያዝም። ምክር በስልክ መቀበል ይቻላል፣ ኑዛዜ ግን በአካል ቀርቦ ነው።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት መዝሙር ክፍልም፣ አባላት ጉዳይም፣ ልማትም ውስጥ ገባሁ። ጂፒኤዬ ከ3.4 ወደ 2.3 ወረደ። ቤተሰቦቼ «ያበላሸህ ጉባኤው ነው» እያሉኝ ነው። አገልግሎቱን ልተው? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ መጀመሪያ ሰዓቱን በወረቀት ላይ ቁጠረው። የእሑድ ቅዳሴ 3 ሰዓት፣ ኮርስ 2 ሰዓት ተኩል፣ በሳምንቱ መካከል አንድ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል፣ የግል ጸሎት በቀን 30 ደቂቃ ቢሆን በሳምንት 3 ሰዓት ተኩል። ድምሩ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ሳምንቱ 168 ሰዓት አለው። በዚህ ማንም ከትምህርቱ አይወድቅም።

ውጤትህን የበላው ከዚህ በላይ ያለው ነው፦ በሦስት ክፍል ሦስት ስብሰባ፣ ሰዓት ያለፈበት የመዝሙር ልምምድ፣ ከስብሰባ በኋላ በር ላይ ቆሞ የሚቀጥል ወሬ፣ ለዓመታዊው መርሐ ግብር ሲባል በፈተና ሰሞን የሚታደር ሌሊት። ለዚህ ጥፋቱ የአንተ ብቻ አይደለም። እሺ የሚል ልጅ ሲገኝ ሥራ ሁሉ እሱ ላይ ይከመራል፤ ሥራ አስፈጻሚዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል። አንድ ተማሪ በአንድ ክፍል ብቻ ያገልግል፤ አዲስ ገቢ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ይማር እንጂ ኃላፊነት አይሸከም።

ስለዚህ አንዱን ክፍል ብቻ ያዝና ሁለቱን አስረክብ። ዝም ብለህ አትጥፋ። ለሰብሳቢው በጽሑፍ አሳውቅ፣ በእጅህ ያለውን የስም ዝርዝር፣ ቁልፍና ገንዘብ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሚተካህ ሰው አስረክብና ፈርመህ ውጣ። ከፈተናው በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ደግሞ በያዝከው ክፍልም ከስብሰባ ፈቃድ ውሰድ። በብዙ ግቢ ጉባኤ ነባሮች ለታናናሾቻቸው የማስጠናት መርሐ ግብር አላቸውና በከበደህ ኮርስ ያስጠኑህ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

ቅዳሴን፣ ኮርስንና የንስሐ አባትህን ግን አትቁረጥ። ብዙዎች ከአገልግሎት ሲወጡ አብረው ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡት እነዚህን አንድ ነገር አድርገው ስለሚያዩ ነው። ነጠላህን ለብሰህ ዓመቱን ሙሉ ዘምረህ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትናዘዝና ሳትቆርብ ልትመረቅ ትችላለህ። ትምህርተ ሃይማኖቱን፣ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪኩን «ልምምድ አለብኝ» እያልክ ዘለኸው ከሆነ አገልግሎትህ ከሥር ባዶ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተናዘዝክ? የመንፈሳዊ ዕድገትህ መለኪያ ይህ ነው፤ የያዝከው የክፍል ብዛት አይደለም።

ሳያጠኑ «ካለፍኩ ለእመቤታችን እሰጣለሁ» ብሎ መሳል ደግሞ ልማድ እየሆነ ነው። ስለት የጥናት ምትክ አይደለም። ለወላጆችህ በቃል አትከራከር፤ ያስረከብክበትን ወረቀትና የሚቀጥለውን ሴሚስተር ውጤት አሳያቸው።

ጥያቄ፦ የካፌ ተማሪ ነኝ። ምሳ ከ9 ሰዓት በፊት ያልቃል። እስከ 9 ሰዓት ከጾምኩ እስከ እራት ምንም አላገኝም፤ ጨጓራም ጀምሮኛል። መቁረብስ እንዴት ይሆንልኛል? (የሁለተኛ ዓመት ተማሪ)

መልስ፦ ሰዓቱን የሚወስንልህ የንስሐ አባትህ ነው። የካፌውን ሰዓትና ጨጓራህን ሳትደብቅ ንገራቸው፤ የሐኪም ወረቀት ካለህ ይዘህ ሂድ። ለታመመ ሰው ሰዓቱን ማሳጠር የእሳቸው ሥልጣን ነው። በራስህ ጀምረህ በራስህ ስትፈታ ግን ጾሙም ሕክምናውም ይበላሻል።

እስከ 9 ሰዓት መቆየት ለሚችል በሶ የግቢ ስንቅ ነው። 3 የሾርባ ማንኪያ በሶ በብርጭቆ አድርግ። መጀመሪያ ጥቂት ውኃ ብቻ ጨምረህ በማንኪያ እሸው፣ ከዚያ ውኃውን ሙላውና ስኳር ወይም ጨው ጨምርበት። ውኃውን በአንድ ጊዜ ካፈሰስክበት ይጓጉላል፣ ደረቁ እንክብል ጨጓራህ ላይ ይቀመጣል። አንድ ኪሎ ለአንድ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ይበቃል። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጠው። ከቤት ጩኮ የሚላክልህ ከሆነ ተጠንቀቅ፦ በቅቤ የተለወሰ ነው። ለጾም በዘይት እንዲለውሱልህ ለእናትህ አስቀድመህ ንገራት፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባልና ከዚያ በፊት ይድረስህ።

ለመቁረብ 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መከልከል አለብህ። እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የምትቆርብ ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ምንም አይቀመስም። ስለዚህ የቅዳሜ ምሳህ የመጨረሻ ምግብህ ነው፣ የካፌው እራት ይቀራል። ለቅዳሜ ከሰዓት ከባድ ሥራ ወይም ኳስ አታቅድ።

ጥያቄ፦ ዶርማችን ስድስት ነን። ሁለቱ ሙስሊሞች፣ አንዷ ፕሮቴስታንት ናት። ለመጸለይ እየተሸማቀቅሁ ነው፤ ማታ ማታም ክርክር ይነሣል። (የአንደኛ ዓመት ተማሪ)

መልስ፦ እኅታችን፣ በመጀመሪያው ሳምንት ስድስታችሁ ቁጭ ብላችሁ ስለ መብራት፣ ስለ ድምፅና ስለ ማንቂያ ደወል ተስማሙ። ስልክሽን በንዝረት አድርገሽ ከትራስሽ ሥር አኑሪው፣ በለሆሳስ ጸልዪ። ምሥራቁን በስልክሽ ኮምፓስ አንድ ጊዜ ለይተሽ ያዢ። በረመዳን ጓደኞችሽ ለሱሑር ሲነሡ መብራቱ በርቷልና ያ ሰዓት ላንቺም የጸሎት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ እነሱም ደስ ይላቸዋል።

ከየዕለቱ ውዳሴ ማርያም ጋር ከዳዊት አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ በቀን ብትደግሚ 150ው በ15 ቀን ያልቃል። ይህ ከበዛብሽ ግማሹን ያዢ፤ ዋናው አለመቋረጡ ነው። ስግደት የአልጋና የሎከሩ መካከል ይበቃዋል። ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ኀምሳ ቀናት ግን አይሰገድም።

ክርክሩን በተመለከተ፣ ከእራት በኋላ በደከመ ሰውነት የሚደረግ ክርክር ማንንም አሳምኖ አያውቅም። በክርክሩ የሚነሣብሽ ጥያቄ ግን ጥሩ ነው። ደብተር ላይ ጻፊው፣ የጠየቀችሽን ጓደኛሽን «አጣርቼ እመለሳለሁ» በያት፣ ቅዳሜ ለኮርስ መምህርሽ አቅርቢው። በዓመት ውስጥ የምታገኚው ዕውቀት ከእነዚያ ጥያቄዎች የሚወጣ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምንኖረው። ልጄ ኮሌጅ የገባችበት ከተማ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የለም። ምን ትሁን? (እናት፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ እናታችን፣ በቅርብ የግብፅ ኮፕት ወይም የኤርትራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካለ ይፈልጉላት። በሃይማኖት አንድ ነን፣ ትንሣኤንም በአንድ ቀን እናከብራለን። የሶርያ፣ የአርመንና የሕንድ ማላንካራ አብያተ ክርስቲያናትም እኅቶቻችን ናቸው፤ የበዓላት ቀናቸው ግን ሊለይ ይችላል፤ ለምሳሌ አርመኖች ልደትን የሚያከብሩት ጃንዋሪ 6 ነው። ከደብርዎ አስተዳዳሪ የክርስትና ስሟን የያዘ ደብዳቤ አጽፈው ይስጧት፤ ካህኑ ሳያውቃት ልትቆርብ አትችልም። በኮሌጁ የግሪክ ወይም የሩስያ ኦርቶዶክስ ተማሪዎች ኅብረት ሊኖር ይችላል። ብትሄድ ወዳጅ ታገኛለች፣ ነገር ግን በ451 እ.ኤ.አ ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ቁርባናችን ስለተለያየ እዚያ አትቆርብም። የኢንተርኔት ቅዳሴ ለጆሮ ይጠቅማል፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ቢሆን እንኳ ወደ እናንተ እየመጣች ትቁረብ።

ለጾሙ በመመገቢያ አዳራሹ «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለበትን ትፈልግ። «ቬጀቴሪያን» የሚለው ውስጥ ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል።