የክላርኔቴ ማውዝፒስ ይነቃነቃል፤ አዲስ ባረል ልግዛ?

ማውዝፒስ ክላርኔት ሲነፋ አፍ ውስጥ የሚገባው ክፍል ነው፤ ባረል ደግሞ ማውዝፒሱ የሚሰካበት አጭር ቱቦ። አንድ የክላርኔት ተማሪ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «የድሮው ማውዝፒሴ ጫፉ ስለተሸረፈ እህቴ ከአሜሪካ አዲስ ላከችልኝ። ድምፁ ደስ ይላል። ግን ባረሉ ውስጥ ስከተው ላላ ይላል፣ ስጫወትም በራሱ ይዞራል። የድሮው ጥብቅ ብሎ ነበር የሚገባው። ለጊዜው ወረቀት ጠቅልዬበታለሁ። አዲስ ባረል ልግዛ ወይ?»

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። የድሮው በዚያው ባረል ጥብቅ ይል ከነበረ ባረሉ ምንም አላደረገም። ችግሩ ያለው የአዲሱ ማውዝፒስ ወንዴ ላይ ነው፤ ቡሽ የተጠቀለለበት፣ ወደ ባረሉ የሚገባው ጫፍ ማለቴ ነው። ፋብሪካዎች ይህን ጫፍ ሁሉም በአንድ ልክ አይሠሩትም።

መጀመሪያ አየር የሚያመልጥበትን ቦታ እንለይ። ሪዱን፣ ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረውንና እየተርገበገበ ድምፅ የሚሰጠውን ስስ ሸምበቆ፣ አርጥበህ እሰር። የማውዝፒሱን ታች በመዳፍህ ድፈንና አየሩን በአፍህ ምጠጥ። አፍህን ስታነሳ ሪዱ ለአፍታ ተጣብቆ ቆይቶ «ጷ» ብሎ ከለቀቀ ማውዝፒሱና ሪዱ ደህና ናቸው። አሁን ባረሉን ግጠምና የባረሉን ታች ደፍነህ ያንኑ ድገም። ሪዱ ወዲያው ከለቀቀ፣ ባረሉም ካልተሰነጠቀ፣ አየሩ የሚወጣው በመገጣጠሚያው ነው።

ብዙ ተጫዋች አንድ ነገር አያስተውልም። ቡሹ ሥራው አየር መዝጋትና ማውዝፒሱ እንዳይዞር መያዝ ነው። ግራና ቀኝ እንዳይወዛወዝ የሚይዙት ከቡሹ በላይና በታች ያሉት ሁለት ጠንካራ ቀለበቶች ናቸው። ያንተ በራሱ ይዞራል ካልክ ቡሹ ቀጥኗል።

ወረቀቱን አውልቀህ ጣለው፤ ምራቅ ጠጥቶ ይበሰብሳል። ዛሬ ማታ ልምምድ ካለህ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ቴፍሎን ቡሹ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልል። የፈላ ውሃ ውስጥ ንከረው የሚልህን ግን አትስማ። ቡሹ ያብጣል፣ እውነት ነው፤ ሲደርቅ ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል። ማውዝፒሱ ኢቦናይት (ጠንካራ ጎማ) ከሆነ ሙቅ ውሃ ጥቁሩን ቀለም ወደ ቡኒ፣ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ ይለውጠዋል፤ ድኝ ድኝም ይሸታል። ፕላስቲክ ከሆነ ሊጣመም ይችላል። ሪዱ የሚያርፍበት ፊት ትንሽ እንኳ ከተጣመመ አለቀለት።

ዘላቂው መፍትሔ ቡሹን መቀየር ነው። 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የተፈጥሮ ቡሽ ያስፈልግሃል። እህትህ በፖስታ ልትልከው ትችላለች። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው የጓርኒሲዮን ቡሽ ከፍርፋሪ ተጨምቆ የተሠራ ስለሆነ በቀጭኑ ሲቆረጥ ይፈረፈራል፤ እሱን ተወው።

አሮጌውን ቡሽ በቢላ ላጠው፤ የማጣበቂያውን ቅሪት እስከ መጨረሻው ፋቀው። የቡሹን ቦታ ስፋት ለክተህ ቁረጥ፤ ርዝመቱን ግን ከዙሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር አስበልጠው። አንዱን ጫፍ ከላይ በኩል በምላጭ በሰያፍ አሳሳው፤ መጨረሻ ላይ ሌላው ጫፍ እዚያ ላይ ይደረባል። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ማስቲሽ በቡሹ ጀርባ፣ ባሳሳኸው ጫፍ ላይና በማውዝፒሱ ላይ ስስ አድርገህ ቀባ። ወዲያው አታጣብቅ። በጣትህ ስትነካው የማይያዝ እስኪሆን ጠብቅ። ከዚያ ከሳሳው ጫፍ ጀምረህ እየጎተትክ ጠቅልል፤ በአውራ ጣትህ አጥብቀህ ተጫን። አንዴ ከያዘ አይላቀቅም፤ ስለዚህ ስትጀምር ቀጥ አድርገህ አሳርፈው። ትርፉን ቁረጥ።

አሁን ቡሹ በጣም ወፍራም ነው፣ ባረሉም አይቀበለውም። ይህ ጥሩ ነው። የብርጭቆ ወረቀት አንድ ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ስፋት ቁረጥና ሊስትሮ ጫማ እንደሚወለውለው ዙሪያውን እያዞርክ ፈግፍገው። በ120 ቁጥር ጀምር፣ በ320 ጨርስ። በየመሃሉ እየሞከርክ ሂድ። ለሙከራ ትንሽ የቡሽ ቅባት ቀባ፤ ቀለል ባለ ማዞር ከገባና ይዘህ ስትነቀንቀው ካልተላወሰ አቁም። ካሳለፍከው እንደገና መጠቅለል ነው።

ቫዝሊን አትቀባ። በርካሽ ይገኛል፣ አውቃለሁ። የነዳጅ ውጤት ስለሆነ ግን ከቡሹ ሥር ገብቶ ማጣበቂያውን ያላላዋል።

አዲሱ ቡሽ ጥብቅ ብሎም ማውዝፒሱ ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ቀለበቶቹ ለባረሉ ቀጥነዋል ማለት ነው። ቡሽ ብታበዛበት አይድንም። ያኔ ማውዝፒሱን ከነባረሉ ይዘህ መሣሪያ ጠጋኝ ዘንድ ሂድ፤ ቀለበቶቹን ያወፍርልሃል ወይም የሚስማማ ባረል ይፈልግልሃል።

የባረሉን የብረት ቀለበቶችም በጣትህ አዙራቸው። ባረልህ እንጨት ከሆነ በበጋ ድርቀት ሊኮማተርና ቀለበቶቹ ሊላሉ ይችላሉ። የላላ ቀለበት ባረሉን ከመሰንጠቅ አያድነውም። ስለዚህ ማውዝፒሱን ወደዚያ ባረል አጥብቀህ ከመክተትህ በፊት እነሱን አስጠብቅ። ድምፅ ለማስተካከል መሳብ ስትፈልግም ባረሉን ከዋናው አካል ሳብ እንጂ ማውዝፒሱን ከባረሉ አትሳብ።