አራቱም «ፓይተን3» ሲሆኑ የትኛውን ላጥፋ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው፤ የምሠራው አንድ የቡና መረከቢያ መጋዘን ውስጥ ነው። በፓይተን የጻፍኳቸው አራት ፕሮግራሞች አንድ ሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ቀን ከሌት ይሠራሉ። አንዱ ከሚዛኑ ኪሎ ያነባል፣ አንዱ ደረሰኝ ያትማል፣ አንዱ ለገበሬው ኤስኤምኤስ ይልካል፣ አንዱ ማታ ማታ መዝገቡን ይገለብጣል። «ቶፕ»ን (እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች ዝርዝር የሚያሳየውን) ስከፍት ግን አራቱም «ፓይተን3» ናቸው። ባለፈው ደረሰኙ ደርቆ ቀረና እሱን ላጥፋ ብዬ በስም የሚያጠፋውን ትዕዛዝ «ኪልኦል ፓይተን3» ስል አራቱም አብረው ወደቁ፣ ገበሬው ጆንያውን ሚዛን ላይ እንዳስቀመጠ። በሲ ቋንቋ ደግሞ ልሞክር ብዬ አርግቪ ዜሮ (ፕሮግራሙ የተነሳበት ትዕዛዝ የመጀመሪያ ቃል) ላይ አዲስ ስም ጻፍኩበት። ሌላው የዝርዝር ማሳያ «ፒኤስ» ላይ ተቀየረ፣ ቶፕ ላይ ግን ንቅንቅ አላለም። ለምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገበሬው እያየህ ሚዛኑ ሲጠፋ ምን እንደተሰማህ ይገባኛል። በመልቀሚያ ሰሞን ሚዛን ቆመ ማለት ሰልፉ እስከ በሩ ድረስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ሁለት ስም አለው፤ የመዝገብ ስምና የቤት ስም በላቸው። የመዝገቡን ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ራሱ ይይዘዋል፣ «ኮም» ይባላል። ሌላው ፕሮግራሙ ሲነሳ የተጻፈው ሙሉ ትዕዛዝ ነው፣ እሱ የሚቀመጠው በፕሮግራሙ በራሱ ሚሞሪ ውስጥ ነው። አንተ አርግቪ ዜሮን ስትነካ የቀየርከው ይሄንን ሁለተኛውን ነው፤ ከርነሉ ዘንድ ያለው እንዳለ ነው። ቶፕ ሲከፈት የሚያሳይህ ኮምን ነው (የ«ሲ»ን ቁልፍ ስትጫን ሙሉ ትዕዛዙን ያወጣልሃል)፤ «ፒኤስ ኤዩኤክስ» ደግሞ ትዕዛዙን። ኪልኦልም የሚፈልገው በኮም ነው፣ አራቱን ባንዴ የጠራረጋቸው ለዚህ ነው።

ኮምን ከሲ ለመቀየር «ፒአርሲቲኤል» የሚባለውን ጥሪ «ፒአር ሴት ኔም» ከሚለው አማራጭ ጋር ትጠራለህ፣ በቃ አንድ መስመር ነው። የሚቀይረው ግን የጠራውን ትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያለ የሥራ መስመር) ስም ብቻ ስለሆነ ከዋናው ትሬድ ጥራው። ብዙ ሰው የሚሸወደው ቦታው ላይ ነው። ያለህ 16 ባይት ነው፣ አንዷ ለመዝጊያዋ ዜሮ ትሄዳለች፣ 15 ይቀርሃል። ካለፍክ ስህተት አይልህም፣ ዝም ብሎ ይቆርጠዋል። በላቲን ፊደል «ጅማ-ቡና-ሚዛን» ብለህ ኤሙን አጥብቀህ ብትጽፈው ከነሰረዞቹ 16 ይሆናል፣ የመጨረሻዋ ኤን ትወድቃለች። አራቱንም «ጅማ-ቡና» ብለህ ጀምረህ ልዩነቱን ጫፍ ላይ ብታደርገው ተቆርጦ ተመልሰው አንድ ዓይነት ሊሆኑብህ ይችላሉ። ስለዚህ የሚለያቸው ቃል ፊት ይምጣ። በግዕዝ ፊደል ልጻፍ ካልክ ደግሞ አንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ዘዴ) ሦስት ባይት ስለሚበላ የሚገባልህ አምስት ፊደል ብቻ ነው። ተርሚናሉ ላይ በላቲን ይሻልሃል።

ሁለተኛው ስም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአርግቪ ቦታ የተሰፋው በመጀመሪያው ትዕዛዝ ልክ ነው፣ አጠገቡ የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጮች (ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚሰጡት ቅንብሮች) አሉ። ረጅም ስም ስትጽፍበት ፈስሶ እነሱን ያበላሻል፣ ፕሮግራሙም ከሰዓታት በኋላ ባላሰብከው ቦታ ይወድቃል፤ እንዲህ ያለ ስህተት ማሳደድ ደግሞ ያደክማል። ዳታቤዙ ፖስትግሬስና ዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ እንዴት እንደሚያደርጉት ብነግርህ፣ መጀመሪያ ኢንቫይሮመንቱን ወደ ሌላ ቦታ ይገለብጡታል፣ ከዚያ የተለቀቀውን ቦታ ጨምረው ይጽፉበታል። ፒኤስ ላይ «ኤንጂንኤክስ፦ ወርከር ፕሮሰስ» የሚለውን አይተህ ከሆነ በዚህ መንገድ የመጣ ነው።

አንተ ግን የምትጽፈው በፓይተን ስለሆነ ይሄን ሁሉ አትልፋ። «ሴትፕሮክታይትል» የሚባል ሞጁል አለ፣ በፒፕ (በፓይተን ሞጁል መጫኛው) ጫነውና ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ ስሙን ስጠው። ከዚያ በቶፕም በፒኤስም አይተህ አረጋግጥ።

ስም መቀየር መደበቂያ አይደለም። ከርነሉ የፕሮሰሶቹን መረጃ በሚያሳይበት ፕሮክ ፎልደር ውስጥ በፕሮሰሱ ቁጥር ስር ያለው «ኤክስኢ» አሁንም ትክክለኛውን ፋይል ያሳያል፣ ያንተዎቹ ጋ ስትገባ ፓይተንን ታገኛለህ። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ምክንያቱም የማታውቀው ፕሮሰስ ያማረ ስም ይዞ ብታገኘው የምታጣራው እዚያ ነው።

አራቱን እንግዲህ ሚዛን፣ ደረሰኝ፣ መልእክት፣ ቅጂ በላቸው፣ አጭርና የማይምታታ። ሌላ ጊዜ ደረሰኙ ሲደርቅ በስም የሚያጠፋውን «ፒኪል» ስትል «ሰረዝ ኤክስ» ጨምርበት፣ ስሙ ልክ እኩል ካልሆነ እንዳይነካ። ከመምታትህ በፊት ደግሞ በ«ፒጂሬፕ» ያንኑ ስም ፈልግና ስንት ቁጥር እንደሚያወጣ እይ፤ ከአንድ በላይ ካወጣልህ እጅህን ሰብስብ።