እሑድ ቅዳሴ ቀርቼ ጮቄ ብወጣስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ጮቄ እየወጣን ድንኳን ተክለን እናድራለን፤ ገደል በገመድ እንወርዳለን። አባቴ «ተራራ ለእረኛና ለመናኝ ነው፤ የእናንተ ቅብጠት ነው» ይሉኛል። እኔ ግን እዚያ እግዚአብሔር ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ ይቀርበኛል። ብዙ ጊዜ የእሑድ ቅዳሴ ያመልጠኛል። ኃጢአት ነው?

መልስ፦ የአባትህ ነገር ግማሹ ልክ ነው። ገዳም የሚለው የግእዝ ቃል ራሱ ዱር፣ ምድረ በዳ ማለት ነው። ግን ዱሩ የመናኝ ብቻ አይደለም። ይስሐቅ ሙሽራው እየመጣችለት ሳለ፣ አመሻሽ ላይ እያሰላሰለ ሜዳ ወጥቶ ነበር (ዘፍ. 24፥63)። ጌታም ደቀ መዛሙርቱ ለምግብ እንኳ ጊዜ ሲያጡ ወደ ምድረ በዳ ወጥተው ጥቂት እንዲያርፉ ነግሯቸዋል (ማር. 6፥31)። ስለዚህ መውጣትህ ቅብጠት አይደለም።

ገመዱስ? ገመድ ኃጢአት ቢሆን በገመድ የሚወጣው ደብረ ዳሞ ገዳም ማን ይደርስ ነበር! ለቪዲዮ ብሎ ባረጀ ገመድ መንጠልጠል ግን እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱም ቀልድ አያውቅም።

የከበደኝ «ይበልጥ ይቀርበኛል» ያልከው ነው። አምንሃለሁ። ቅኔ ቤት ሳለሁ እያንዳንዳችን ለየብቻ ጫካ ገብተን፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ቅኔ እንቆጥር፣ ማለትም አዲስ ቅኔ እያሰብን እናዘጋጅ ነበር። ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ቤት ውስጥ እምቢ ያለ ምሥጢር ዱር ውስጥ ይመጣል። አንዳንዴ ጥሩ የመጣልኝ መስሎኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ማታ ግን ለየኔታ መንገር አለ። ያ ያሳቀኝ ቅኔ ስንት ጊዜ ፉርሽ ሆኗል! ወይ ቤቱ አይመታም፣ ወይ ምሥጢር ያፋልሳል። ጫካው አላረመኝም።

ጮቄም አያርምህም። የፈጣሪን ሥራ ያሳይሃል እንጂ «የተጣላኸውን ታረቅ» አይልህም፤ ሥጋ ወደሙም አያቀብልህም። የምፈራልህ፣ የማይቆጣ አምላክ እንዳትለምድ ነው።

እሑድ አስቀድሳችሁ ውጡ። ቅዳሜ ከወጣችሁም በመንገዳችሁ ባለ አጥቢያ አስቀድሱ። ጾም ከሆነ በሶ ያዙ፤ ለዳገት ከብስኩት ይሻላል። አንድ ቀን ደግሞ አባትህን ይዘሃቸው ውጣ። በልጅነታቸው እረኛ ከነበሩ መንገዱን ካንተ ይልቅ ያውቁታል።