ልጄ ሄቪ ሜታል ይሰማል፤ ዘመድ «ሰይጣን ይዞታል» ይላል

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ከሄቪ ሜታል (ከባድ የሮክ ሙዚቃ) ሌላ ሙዚቃ አይሰማም። የሚለብሰው ጥቁር ቲሸርት ነው፤ አንዳንዱም የራስ ቅል አለበት። ዘመዶቼ «ሰይጣን ይዞታል» እያሉ ልጆቻቸውን ከእሱ ማራቅ ጀምረዋል። ልከልክለው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ አይከልክሉት። የተከለከለ ልጅ መስማቱን አይተውም፤ ተደብቆ በኢርፎን ይሰማል፣ እርስዎም ምን እንደሚሰማ የማወቅ ዕድሉ ያመልጥዎታል።

የሚያሳስብ ነገር ካለ ከቲሸርቱ ላይ አይነበብም። እንቅልፉ ተዛብቷል? የሚወደውን ነገር ሁሉ፣ ያንኑ ሙዚቃ ጭምር፣ እርግፍ አድርጎ ትቷል? ከሜታል ወዳጅ ጓደኞቹም ርቋል? እንዲህ ያለው ነገር ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ባለሙያ ያማክሩ። ስለ መሞት ካወራ፣ የሚሳሳለትን ዕቃ ለሰው ማደል ከጀመረ ወይም ራሱን ከጎዳ ግን አንድ ቀን እንኳ አይጠብቁ፤ ራሱን ስለ ማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁትና ወደ ሐኪም ይውሰዱት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። እነዚህ ምልክቶች መዝሙር ብቻ በሚሰማ ልጅ ላይ ቢታዩም እኩል ያሳስባሉ።

«ጩኸቱ ቁጡ ያደርገዋል» ለሚሉትም መልስ አለ። የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 39 የከባድ ሙዚቃ አድማጮችን የሚያናድዳቸውን ነገር እንዲያነሱ አደረጉ። ከዚያ ገሚሶቹ ራሳቸው የመረጡትን ሙዚቃ ለ10 ደቂቃ ሰሙ፣ ገሚሶቹ ዝም ብለው ተቀመጡ። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት ሙዚቃው ንዴታቸውን አላባባሰም፤ እንዲያውም መንፈሳቸውን አነቃቃ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የተጠኑትም ሙዚቃውን የሚወዱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እርስዎን ቢያናድድዎ ከጥናቱ ጋር አይጣላም።

የሰይጣን ምስል የሚጠቀሙ ባንዶች መኖራቸውን አንክድም። ሃይማኖትን ከልባቸው የሚቃወሙ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ልክ እንደ አስፈሪ ፊልም ለማስደንገጥ ያደርጉታል። በሌላ በኩል ስትራይፐር የተባለው የሜታል ባንድ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከመድረክ ላይ ለታዳሚው መጽሐፍ ቅዱስ ይወረውር ነበር። ልጅዎ የትኛውን እንደሚሰማ ለማወቅ ሦስት ዘፈን ያስመርጡትና ግጥሙን በጽሑፍ አብራችሁ አንብቡ፤ በጆሮ ብቻ ቃሉን መለየት ለለመደውም ይከብዳል። «ይሄ ደግሞ ምኑ ሙዚቃ ነው?» ካሉ ወሬው እዚያው ያልቃል። «የቱ ጋ ነው ደስ የሚልህ?» ይበሉት። ለዘመዶችዎ ደግሞ «ስለ እሱ ከምታወሩ ከእሱ ጋር አውሩ» ብለው ቤት ይጥሯቸው።

መቆጣጠር ካለብዎ ድምፁን ይቆጣጠሩ። ለአዋቂ ጆሮ ልኩ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስልኩ ላይ ከ60 በመቶ ባያሳልፍ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ፀጉሬን አሳድጌአለሁ፣ የባንድ ቲሸርት እለብሳለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ምሳ ሲወጡ አይጠሩኝም። ዕቃ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ወደ እኔ ያያል፤ ስቆጣ «ቀልድ ነው» ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በሙዚቃ ምርጫህ መቀለድና በሌብነት መጠርጠር አንድ አይደሉም። ቀልዱን ልታልፈው ትችላለህ። ጥርጣሬውን ግን ቀኑን፣ የተባለውን ቃል እንዳለና አጠገብ የነበረውን ሰው እየጠቀስክ በዚያው ዕለት ጻፈው፤ ከተደጋገመ ይዘኸው ወደ አለቃህ ግባ። ከዚያ በፊት ግን የመሥሪያ ቤቱን የአለባበስ ደንብ አንብብ፤ ቲሸርት የሚከለክል ከሆነ ወሬው ሁሉ ወደ ልብስህ ይዞርና ዋናው ጉዳይ ይረሳል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት «አዎ፣ ማታ ማታ ደም እጠጣለሁ» ብለው ሲያሾፉ ነው። ቃሉ ያለ ሳቁ ይዞራል፤ ጥርጣሬም ቀልድ ሆኖ ላይቀር ይችላል። በአሜሪካ ዌስት ሜምፊስ በ1993 እ.ኤ.አ. ሦስት ሕፃናት ሲገደሉ በሦስት ወጣቶች ላይ ፍርድ ቤት ከተነሱባቸው ነገሮች ጥቁር ልብስና ሄቪ ሜታል ይገኙበታል። ንጹሕ ነን እንዳሉ 18 ዓመት ታስረው በ2011 ከዐቃቤ ሕግ ጋር በተደረገ ስምምነት ወጡ። በእንግሊዝ ደግሞ ሶፊ ላንካስተር የተባለች ወጣት በ2007 በአለባበሷ ምክንያት ተደብድባ ከሞተች በኋላ የታላቋ ማንቸስተር ፖሊስ ከ2013 ጀምሮ በሜታል ወዳጆችና መሰሎቻቸው ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በጥላቻ ወንጀልነት መመዝገብ ጀምሯል።

ምሳውን በተመለከተ፣ ሁሉንም ለማሳመን አትድከም። ከመካከላቸው ቀና የሆነውን አንዱን ለይተህ አንተው ጋብዘው፤ የሜታልን ታሪክ ግን በዚያው ቀን አትተርክለት።

ጥያቄ፦ የሜታል ወዳጆች ጠቋሚ ጣትንና ትንሿን ጣት የሚያቆሙት የሰይጣን ቀንድ ለማሳየት ነው?

መልስ፦ ምልክቱን በሜታል መድረክ ያስፋፋው በ1979 እ.ኤ.አ. ብላክ ሳባዝ የተባለውን የሜታል ባንድ የተቀላቀለው ዘፋኝ ሮኒ ጄምስ ዲዮ ነው። ከጣሊያናዊት አያቱ እንዳየው ተናግሯል፤ እሳቸው የሚያሳዩት ክፉ ዓይንን ለመመከት ነበር። ጣሊያን ሄዳችሁ ወደ ባለትዳር ወንድ አነጣጥራችሁ እንዳታሳዩት ብቻ፤ «ሚስትህ ውሽማ አላት» ማለት ይሆናል።