«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ የገዢን መብት ያስቀራል?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ከተማ የምኖር መምህር ነኝ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ኦርጋን መጫወት እወዳለሁ። መጋቢት 3 ቀን የሙዚቃ መሣሪያዎችን በቴሌግራም ከሚሸጥ የአዲስ አበባ ነጋዴ «አዲስ፣ ከካርቶኑ ያልወጣ» የተባለ ኦርጋን በ38,000 ብር ገዛሁ። ገንዘቡን ቀድሜ በባንክ አስገባሁ፤ ዕቃው መጋቢት 6 ቀን በአውቶቡስ ተጭኖ ደረሰኝ። መጋቢት 8 ቀን ስሞክረው ስድስት ቁልፎች ድምፅ አልሰጡም። በማግስቱ «ወይ ቀይርልኝ፣ ወይ ገንዘቤን መልስልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። መጀመሪያ «ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን» አለኝ፤ ቆይቶ «ቻናሉ ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ተብሎ ተጽፏል፤ መንገድ ላይ ተጎድቶ ይሆናል» ብሎ ከዚያ ወዲህ መልስ አቆመ። የጥገና ባለሙያ ከፍቶ ሲያየው ውስጡ ቀደም ብሎ የተበየደ ቦታ አገኘ። ደረሰኝ አልተሰጠኝም። አልፎ አልፎ ሰርግ ላይ በክፍያ እጫወታለሁና ይህ መብቴን ይነካው ይሆን? ወዳጆቼ ደግሞ በሽማግሌ ጨርሰው ይሉኛል።

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጉድለቱን ባዩ ማግስት ለሻጩ በጽሑፍ ማሳወቅዎ በጉዳይዎ ውስጥ ትልቁ ነገር ነው። ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ብዙ ሰዎች ካሜራም ሆነ የሙዚቃ መሣሪያ ከሩቅ ካስመጡ በኋላ ካርቶኑን ሳይከፍቱ ለበዓል ያስቀምጡታል፤ ሲከፍቱት ጉድለቱ ይወጣል፤ ጊዜው ግን አልፏል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገዢው ዕቃውን እንዳመቸው ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ይህን ያላደረገ ገዢ፣ ሻጩ ካላታለለው በቀር፣ መብቱን ሊያጣ ይችላል። እርስዎ ዕቃው በደረሰ በሁለተኛው ቀን ሞክረውታል፣ በሦስተኛው ቀን አሳውቀዋል፤ ከዚህ የፈጠነ ማንም ሊጠብቅብዎ አይችልም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። ይህ ዋስትና በውሉ ላይ ባይጻፍም ከሕጉ የሚመነጭ ነው። አንድ ዕቃ ለተሠራበት ተራ አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ከሌለው፣ ወይም በውሉ የተነገረለት ጥራት ከጎደለው ጉድለት እንዳለበት ይቆጠራል። ስድስት ቁልፉ የማይሰማ ኦርጋን የመጀመሪያውን መለኪያ እንደማያልፍ ግልጽ ነው። ሁለተኛው መለኪያ ግን ለእርስዎ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም «ከካርቶኑ ያልወጣ» ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ውስጡ ተበይዶ ከተገኘ፣ ስድስቱ ቁልፎች ነገ ቢጠገኑ እንኳ ዕቃው የተዋዋሉበት አዲስ ዕቃ አይሆንም። ስለዚህ ሻጩ «አሠራልሃለሁ» ቢልዎ የመቀበል ግዴታ አለብኝ ብለው አይጨነቁ።

የሻጩ ዋና መከላከያ የሆነውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ በብዙ ሱቆች ግድግዳና ደረሰኝ ላይ ስለምናየው ሕግ እየመሰለን መጥቷል። ተዋዋዮች የሻጩን ዋስትና በስምምነት ማጥበብ እንደሚችሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ሆን ብሎ ደብቆ ከሆነ እንዲህ ያለው የውል ቃል ዋጋ አይኖረውም። ከዚህም በላይ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ሲያገኝ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት ሻጩን እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል። አዋጁ ይህን ሲደነግግ ለሸማቹ የተሻለ ጥቅም የሚሰጡ የዋስትና፣ የሕግና የውል ቃሎችን ብቻ እንደተጠበቁ ትቷቸዋል። በእኔ እምነት ከዚህ የሚከተለው፣ ነጋዴው በቻናሉ ላይ በሚለጥፈው አንድ መስመር ሕግ የሰጠውን መብት ሊቀንስ እንደማይችል ነው። እርስዎም ጥያቄዎን ያቀረቡት በግዢው በስድስተኛው ቀን ስለሆነ የ15 ቀኑን ገደብ ጠብቀዋል፤ ሻጩ በ«እናየዋለን» ያባከነው ጊዜ በእርስዎ ላይ ሊቆጠር አይገባም።

ሰርግ ላይ መጫወትዎን በተመለከተ፣ አዋጁ ሸማች የሚለው ለግል ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው፤ የሚያስወጣው ለማምረት ሥራ ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛውን ነው። አልፎ አልፎ ተጋብዘው መጫወትዎ ኦርጋኑን የገዙበትን ዋና ዓላማ አይለውጠውም ብዬ እከራከራለሁ። ፍርድ ቤቱ በሌላ መንገድ ቢያየው እንኳ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋስትና በሸማችና በነጋዴ መካከል ስለማይለይ አይነካብዎትም።

«መንገድ ላይ ተጎድቶ ይሆናል» የሚለው ክርክር ግን በቁም ነገር መታየት አለበት። ሕጉ ጉድለትን የሚመዝነው ዕቃውን የሚመለከተው ኃላፊነት ወደ ገዢው በተላለፈበት ጊዜ በነበረው ሁኔታ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ በደጀን በኩል የወጣ ካርቶን መንገላታቱ ስለማይቀር፣ ሻጩ ይህን ነጥብ አጥብቆ ይይዘዋል። መልሱ ያለው በብየዳው ላይ ነው፤ መንገድ ዕቃ ይሰብራል እንጂ አይበይድም። ስለዚህ የጥገና ባለሙያው ያየውን በጽሑፍ፣ ከቀኑና ከፊርማው ጋር እንዲሰጥዎ፣ የተበየደውንም ቦታ በግልጽ የሚያሳይ ፎቶግራፍ እንዲያነሳ ይጠይቁት። እዚህ ላይ አንድ ያሳሰበኝን ነገር ልናገር፦ ኦርጋኑ ለሻጩ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ መከፈቱ «ባለሙያህ ነው የነካካው» የሚል ክርክር ሊያስነሳ ይችላል። ከአሁን በኋላ ማንም እንዳይነካው፣ እርስዎም እንዳይጫወቱበት፣ ካርቶኑንና በአውቶቡስ የተላከበትን ወረቀት እንዳይጥሉ አደራ እላለሁ።

ደረሰኝ አለመስጠቱ የነጋዴው ጥፋት ነው፤ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ መስጠት በሕግ የተጣለበት ግዴታ ነው። የእርስዎን ግዢ ለማስረዳት ሌላ መንገድ አለ። ለሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ ሕጉ የተለየ የውል ፎርም አያስገድድም፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይከለከል ይጠብቀዋል። ነገር ግን በቴሌግራም የግል መልእክት ላይ አንደኛው ወገን የጻፈውን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ በቻናል ላይ የወጣ ማስታወቂያም በደቂቃ ውስጥ ሊነሳ ይችላል። ይህን ምላሽ አንብበው ሳይጨርሱ፣ ማስታወቂያውን፣ ዋጋውን፣ «አዲስ» የሚለውን ቃልና የተጻጻፉትን ሁሉ ቀኑ እንዲታይ አድርገው በስክሪንሾት ያስቀሩ፤ ስልኩንም ሳይቀይሩ ያቆዩት። የባንክ ማስተላለፊያ ማረጋገጫው ክፍያውን ከማሳየት አልፎ የሒሳቡን ባለቤት ስም ስለሚይዝ፣ ከቻናል ስም ጀርባ የተሸሸገው ሰው ማን እንደሆነ የሚነግርዎ እርሱ ነው። አድራሻውን ካላወቁ ፍርድ ቤቱ ባንኩን እንዲያዝልዎ መጠየቅ ይቻላል።

በዚህ ሳምንት ለሻጩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላኩ። የግዢውን ቀን፣ የተከፈለውን ዋጋ፣ የተገኘውን ጉድለት፣ መጋቢት 9 ቀን ያቀረቡትን ጥያቄ አስፍረው፣ ለምሳሌ በ10 ቀናት ውስጥ 38,000 ብሩንና የማጓጓዣውን ወጪ እንዲመልስ፣ ካልመለሰ ውሉ እንዲፈርስ በፍርድ ቤት እንደሚጠይቁ ይግለጹ። በቴሌግራም ብቻ አይወሰኑ፤ አድራሻውን ካገኙ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤም ይላኩትና ቅጂውንና የፖስታውን ደረሰኝ ያስቀምጡ።

ዝም ካለ ሁለት መንገዶች አሉ። በንግድ ጽሕፈት ቤት በኩል አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከሆነ ይህ ብዙ ጊዜ ቶሎ ያንቀሳቅሰዋል። ሁለተኛው ክስ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 24 መሠረት ከውል የመነጨ ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ዕቃው ደብረ ማርቆስ ላይ ሊደርስዎ ተስማምታችሁ ከነበረ አዲስ አበባ ድረስ ሳይንከራተቱ እዚያው መክሰስ እንደሚችሉ ይከራከሩ። ተከራካሪዎቹ በተለያየ ክልል በቋሚነት የሚኖሩ ሲሆኑ ጉዳዩ የፌዴራል ሥልጣን ስለሚሆን፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ወደሚሠራው የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያመልክቱ፤ ወረዳ ፍርድ ቤት ከፍተው በሥልጣን ምክንያት መዝገቡ ሲዘጋ ወራት ያጡ ሰዎችን አውቃለሁ።

ሻጩ እያወቀ የተጠገነ ዕቃ አዲስ ነው ብሎ ሸጦ ከሆነ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የተመለከተው የማታለል ወንጀል ሊነሳ ይችላል፤ ይህን ለፖሊስ ማመልከት መብትዎ ነው። ስሙንና ፎቶውን እየለጠፉ «ሌባ» ማለት ግን ከሳሹን ተከሳሽ ሊያደርግ ስለሚችል አጥብቄ እከለክልዎታለሁ።

ሽምግልናን አልቃወምም፤ ለአንድ ኦርጋን ዓመት ከመካሰስ በሽማግሌ ፊት ገንዘብን ተቀብሎ መለያየት የተሻለ ነው። ብቻ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2298 ገዢው ጉድለቱን ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ እንዲያቀርብ ስለሚያስገድድና ሽማግሌ መቀመጡ በራሱ ይህን ጊዜ ስለማያቆመው፣ የእርስዎ ቀን እስከሚቀጥለው መጋቢት 9 መሆኑን በደብተርዎ ጽፈው ይያዙ። ከታረቁም የሚመለሰውን ገንዘብና የሚከፈልበትን ቀን በጽሑፍ አስፍራችሁ ምስክሮች ይፈርሙበት። ሻጩ «መጀመሪያ ኦርጋኑን ላክልኝ» ቢልዎ፣ ውል ሲፈርስ ሁለቱም ወገኖች ወደ ነበሩበት መመለስ ስላለባቸው ዕቃውን መመለስዎ አይቀርም፤ ነገር ግን ገንዘቡ ወደ ሒሳብዎ ሳይገባ አይላኩት፤ ካስፈለገም አዲስ አበባ ያለ የሚያምኑት ሰው ኦርጋኑን ይዞ ሄዶ ገንዘቡ መግባቱን ሲያረጋግጥ በፊርማ ያስረክብልዎ።